ወደ አሶን በእግር



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20፣ ከቁጥር 13 ጀምሮ፣ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር ተጽፏል። ቅዱስ ሉቃስና ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት ከጢሮአዳ በመርከብ ተሳፍረው ወደ አሶን ሲሄዱ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ግን በየብስ፣ በእግሩ መሄድን መረጠ። አሶን ላይ ተገናኙ፤ ከመርከቡ ገባ፤ ጉዞው ቀጠለ። ነገሩ ይኸው ነው። ተአምር አልተነገረበትም፤ ስብከት የለበትም፤ በመንገዱ የተጠመቀ ሰው ስም አልተጻፈም። ይሁን እንጂ መንፈስ ቅዱስ ባስጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በከንቱ የገባ ቃል የለምና፣ ዛሬ በዚህች አጭር ክፍል ላይ ቆየት ብለን እንማር።

አስቀድመን ቦታውን እንወቅ። አሶን በዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በቻናካሌ ግዛት፣ በኤድሬሚት ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ያገሩ ሰዎች በህራምካሌ ይሏታል፤ አሶስ የሚለው የጥንት ስሟም አልተረሳም። ከተማዪቱ በሁለት ተከፍላለች። ኮረብታው ከባሕር ወለል 230 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ላይኛው መንደር ከኮረብታው ትከሻ ላይ ተቀምጧል። አናቱ ላይ ደግሞ አሕዛብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት ለአቴና ብለው የሠሩት የጣዖት ቤት ፍርስራሽ አለ። ታችኛው ክፍል ወደቡ ነው። ከገደሉ ሥር፣ በባሕሩ ጠርዝ ላይ፣ የድንጋይ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ድሮ ለቆዳ ማልፊያ የሚሆን የባሉጥ ፍሬ የሚከማችባቸው መጋዘኖች ነበሩ፤ ዛሬ ሆቴሎች ሆነዋል። ፊት ለፊት፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የሌስቮስ ደሴት ትታያለች። ቅዱስ ሉቃስ ከአሶን ቀጥሎ የጠቀሳት ሚጢሊኒ የዚህችው ደሴት ከተማ ናት።

እኛ አገር ክረምት ሲሆን በዚያ በጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የኢስታንቡልና የኢዝሚር ሰው ለዕረፍት ይጎርፍባታል፤ አብዛኛው በገዛ መኪናው ይመጣል። መኪና የሌለው ምእመን ግን አይደርስም ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል ድረስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል። ከኢስታንቡል ወደ ቻናካሌ አገር አቋራጭ አውቶቡስ አለ፤ የዳርዳኔልስን ወሽመጥ የሚያቋርጠው ታላቅ ድልድይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ከተከፈተ በኋላም ወሽመጡን በጀልባ መሻገር አልቀረም። ከቻናካሌ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኢዝሚር በሚወስደው መንገድ የሚሄደውን አውቶቡስ ይዞ አይቫጅክ በምትባል የገበያ ከተማ መውረድ ነው። ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን የመጨረሻ መንገድ ሚኒባስ ያደርሳል። ኮረብታው ላይ ወርዶ ወደ ወደቡ በጠመዝማዛው ቁልቁለት መውረድ የተሳፋሪው ፋንታ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው መንገድ ለማሳየት ብቻ አይደለም። ስለ መንገድ ያለን አሳብ ራሱ ትምህርት የሚያስፈልገው ስለሆነ ነው። በዘመናችን ሰው ልብ ውስጥ መንገድ ማለት በመነሻና በመድረሻ መካከል የሚባክን ጊዜ ነው። የበረከቱ ቦታ መድረሻው ስለሚመስለን፣ እስክንደርስ ያለውን ሰዓት እንደ ዕዳ እንቆጥረዋለን። ስለዚህ አውቶቡስ ስንጠብቅ እንበሳጫለን፤ ዳገት ስንወጣ እናጉረመርማለን፤ ደርሰን ስንሳለም ልባችን ገና አልተረጋጋም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ሌላ ነው። በመንገድ ላይ ያለ ሰው ገና ወደ እግዚአብሔር ፊት ያልደረሰ ሰው አይደለም። እግዚአብሔር በመንገድም አለ፤ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ራሱ መንገደኛ ሆኗልና።

ይህ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ ወደሆነው ወደ ምሥጢረ ሥጋዌ ያደርሰናል። እግዚአብሔር ወልድ ሰው ሆነ ስንል እግር ነሣ ማለታችን ነው፤ የሚደክም፣ አቧራ የሚነካው፣ ድንጋይ የሚቧጥጠው እግር። በዮሐንስ ወንጌል በ4ኛው ምዕራፍ ጌታችን ከመንገድ ደክሞ በስድስት ሰዓት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ እንደ ተቀመጠ እናነባለን። በዚህ ቃል ላይ ጠንቀቅ እንበል። ድካሙ የማስመሰል አልነበረም፤ የደከመውም ከቃል የተለየ ሌላ አካል አልነበረም። በተዋሕዶ አንድ የሆነው እርሱ፣ ሰማይና ምድርን የፈጠረው፣ በቀትር ፀሐይ እግሩ ዝሎ ተቀመጠ። ሳምራዊቷ ሴት የሕይወትን ውኃ ያገኘችው በዚያ ድካም ምክንያት ነው። ባይደክም ኖሮ በዚያ ሰዓት በዚያ ጉድጓድ ዳር ባልተቀመጠ ነበር።

ሌላም ነገር እናስተውል። ጌታችን በምድር ሲመላለስ የእኔ የሚለው መጓጓዣ አልነበረውም። በገሊላ ባሕር ሕዝቡ ባጨናነቀው ጊዜ የተቀመጠባት ታንኳ የስምዖን ነበረች። በሆሣዕና ወደ ኢየሩሳሌም የገባባቸው አህያና ውርንጫ ከቤተ ፋጌ የተለመኑ ነበሩ። የሁሉ ጌታ ሲሆን መለመንን አላፈረበትም። የባለ ታንኳው ዓሣ አጥማጅ ስም ከወንጌል ጋር አብሮ ይነገራል፤ የአህያዪቱ ባለቤቶች ስማቸው ባይጻፍም መስጠታቸው ተጽፏል። መለመን ለሚሰጠው ሰው የጽድቅ በር ይከፍትለታል። የሰው ወንበር ላይ ተሳፍሮ፣ የሰው መንገድ ጠይቆ፣ የሰው ውኃ ጠጥቶ የሚሄድ መንገደኛ ራሱን እንደ ሸክም ሊቆጥር አይገባውም። ለሚሰጡት ሰዎች አጋጣሚያቸው ነው።

የአብርሃምንም ቤት እናስብ። ሥላሴ በመምሬ በአድባር ዛፍ ሥር ለአብርሃም በተገለጡለት ጊዜ እንደ መንገደኞች፣ በእግር እንደ መጡ ሰዎች ተገለጡ። አብርሃም አስቀድሞ ያቀረበላቸው የእግር ውኃ ነው። ሐተታ አልጠየቀም፣ ከየት መጣችሁ አላለም፤ እግራችሁን ታጠቡ፣ ከዛፉ ሥር ዕረፉ አለ። ጌታችንም በጸሎተ ሐሙስ ማታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። በቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ በዚያች ዕለት ካህናት በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። የሚታጠበው እግር መንገድ የሄደ እግር ነው። የአሶን ዙሪያ የወይራ አገር ነው፤ ከአይቫጅክ የሚወርደው ሚኒባስ መስኮት ላይ ቁጭ ያለ ምእመን የወይራውን ቅጠል ሲያይ ያን አገልግሎት ቢያስታውስ መንገዱ ጸሎት ይሆንለታል።

አሁን ወደ ሐዋርያው እንመለስ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ አሶን በእግሩ የተነሣው በምን ጊዜ ነው? ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነበር፤ በዓለ ኀምሳን በኢየሩሳሌም ሊያከብር ይቸኩል ነበር። በጢሮአዳ ሰባት ቀን ቆይቷል። በመጨረሻዋ ሌሊት፣ ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን፣ ምእመናን ኅብስት ሊቆርሱ በተሰበሰቡበት ሰገነት እስከ መንፈቀ ሌሊት አስተማረ። አውጤኪስ የሚባለው ወጣት እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ፤ ሞቶም አነሡት። ሐዋርያው ወርዶ አቀፈው፤ ነፍሱም ተመለሰችለት። ከዚያ ወጥቶ ኅብስቱን ቆርሶ እስኪነጋ ድረስ ተናገረ፤ ሲነጋም ሄደ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው ነው። የሚሄደው መርከብ አለ፤ ተኝቶ ሊሄድ ይችላል። እርሱ ግን በእግሩ ሄደ።

የሚቸኩል ሰው በእግር መሄዱ ግራ ያጋባል። የጥንቱን የሮማውያን መንገድ ያጠኑ ሰዎች ከጢሮአዳ እስከ አሶን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላሉ። መርከቡ ግን የእስያ የብስ በምዕራብ በኩል የሚያበቃበትን ራስ፣ ዛሬ ባባ ቡርኑ የሚባለውን፣ መዞር ነበረበት። ስለዚህ የብሱ ያቋርጣል፤ ባሕሩ ይዞራል። ሐዋርያው በእግሩ ሄዶ ጉዞውን አላዘገየም ማለት ነው። ችኮላና ጥድፊያ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን። በዓሉን ለመድረስ ይተጋል፤ ነገር ግን ትጋቱ በመንገዱ ላይ ያለውን ጸጋ አልነጠቀውም።

ለምን በእግሩ ሄደ? ቅዱስ ሉቃስ ምክንያቱን አልጻፈም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የሐዋርያት ሥራን በተረጎመበት ድርሳኑ ሐዋርያው ቀላሉን መንገድ ለደቀ መዛሙርቱ ሰጥቶ ከባዱን ለራሱ እንደ መረጠ፣ ደግሞም ከእርሱ መለየትን እንዲለማመዱ እንደ ፈለገ ያስተምራል። ይህ ትርጓሜ ልቤን ይነካዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ በሚሊጢን የኤፌሶንን ቀሳውስት ሲሰናበት ፊቱን ዳግመኛ እንደማያዩ ይነግራቸዋል፤ በየከተማው እስራትና መከራ እንደሚጠብቀው መንፈስ ቅዱስ ይመሰክርለት እንደ ነበረም ይገልጥላቸዋል። ይህን በልቡ የያዘ አባት ልጆቹን በአንድ ጊዜ ከሚለያቸው በመጀመሪያ ለአንድ የባሕር ቀን ቢለያቸው ጥበብ ነው። እነሱም ያለ እርሱ መርከብ ተሳፈሩ፣ ያለ እርሱ ደረሱ፣ አሶን ላይ ተቀበሉት።

መንገዱ ምን ይመስል እንደ ነበር ከዛሬው ፍርስራሽ ጥቂት መረዳት ይቻላል። ሐዋርያው የሄደው የባሉጥ ዛፍ በበዛበት ኮረብታማ አገር ነው። በመንገዱ ላይ፣ ዛሬ ጉልፒናር በሚባለው መንደር፣ ለአፖሎን የተሠራ ታላቅ የጣዖት ቤት ነበረ፤ ዓምዶቹ አሁንም ይታያሉ። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ፍል ውኃና ጨው ያለበት ቱዝላ የሚባል ስፍራ አለ። ወደ አሶን የገባውም በምዕራቡ በር በኩል መሆን አለበት። ያን በር የዛሬ ጎብኚም በእግሩ ሊገባበት ይችላል። በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ነው። በግራና በቀኝ የመቃብር ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ክዳናቸው ተገልብጧል፤ አንዳንዶቹ ተሰብረው ግማሽ ጎናቸው ቀርቷል። የአሶን ድንጋይ ሬሳን ቶሎ ይበላል ተብሎ በጥንቱ ዓለም ዝነኛ ነበርና ከዚህ እየተጫነ ወደ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር። በመቃብሮቹ መካከል አልፎ የሚመጣ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው የከተማዪቱን ቅጥር ነው፤ ግንቦቹ ዛሬም እስከ 14 ሜትር ከፍታ ይደርሳሉ።

ትናንት ማታ ሙት ያስነሣ ሐዋርያ በዚህ የሙታን ጎዳና ገባ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን ስናስብ የትንሣኤው ትምህርት በሰገነቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በመንገዱም ላይ እንደ ቀጠለ እናያለን። ይህን የሚያይ በእግሩ የሚገባ ነው። በመኪና ከላይኛው መንደር ቀጥታ ወደ ወደቡ የሚወርድ ሰው ምዕራቡን በር ሳያየው ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሊቃውንቶቻችን አርስጣጣሊስ የሚሉት ፈላስፋ ከቅዱስ ጳውሎስ 400 ዓመት ያህል አስቀድሞ በአሶን ተቀምጦ አስተምሯል፤ ሚስቱንም ያገባው በዚያ ነው። ቅሌአንቴስ የተባለው የኢስጦኢኮች መምህር ደግሞ የአሶን ተወላጅ ነው። ሐዋርያው በአቴና፣ በአርዮስፋጎስ፣ ሰዎች የእግዚአብሔር ዘመድ ስለ መሆናቸው ከግሪክ ባለቅኔዎች ጠቅሶ ሲናገር ያን አሳብ በባለቅኔው በአራጦስም በቅሌአንቴስም ድርሰት ውስጥ እናገኘዋለን። ሐዋርያው በአሶን በር ሲገባ የአገሩን ሊቅ ቃል ሳያውቅ አልቀረም። የምንሄድበትን አገር ሰዎች ጥበብ አስቀድሞ ማወቅ፣ ከሄድንም በኋላ በንቀት አለማየት፣ ሐዋርያዊ ሥርዓት ነው።

ቀጥለን ስለ መጠበቅ እንማር፤ መኪና የሌለው ሰው ጉዞ ግማሹ መጠበቅ ነውና። በአሶን ወደብ መርከቡ ሐዋርያውን ጠበቀው። ቅዱስ ሉቃስ ከሐዋርያው ጋር የነበሩትን ሰባቱን በስም ጠርቷቸዋል፤ ጢሞቴዎስ አለ፣ አርስጥሮኮስ አለ፣ ጥሮፊሞስ አለ። አንዳቸውም አጉረመረሙ ተብሎ አልተጻፈም። የሚሄደውም ቃሉን ጠብቆ ደረሰ፤ የሚጠብቁትም ጥለውት አልሄዱም። ፍቅር በዚህ ይታወቃል። አንድ ሰው በሰዓቱ ሲመጣ ለሚጠብቁት ወንድሞቹ ክብር ሰጠ ማለት ነው። በመንፈሳዊ ጉዞ አውቶቡስ ውስጥ 40 ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው ፎቶ ሲያነሣ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ፤ ያ ሰው ቅዳሴ ባያስታጉልም ፍቅርን ያስታጉላል። አሮጊት እናት ዳገት አቅቷቸው ዘግይተው ሲጠበቁ ግን መጠበቁ ራሱ ጸሎት ነው።

በሚኒባሱ ውስጥ ያለውንም ልንገራችሁ። በቱርክ ሚኒባስ ብዙ ጊዜ ረዳት የለም። ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ሒሳቡን ከፊቱ ላለው ሰው ያቀብላል፤ ያም ለሚቀጥለው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሹፌሩ እጅ ይደርሳል። መልሱም በመጣበት መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ተመልሶ ባለቤቱ ዘንድ ይመጣል። ገንዘቡ ከማይተዋወቁ ሰዎች እጅ አልፎ ሳይጎድል ይመለሳል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አንዱ አካልና ስለ ብዙ ብልቶቹ ያስተማረውን በቃል የሚያውቅ ክርስቲያን ይህን ሲያይ ምን ይላል? እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው የሌላ እምነት ሰዎች ናቸው፤ መተማመናቸው ግን ሊያስተምረን ይችላል። ወደ አሶን በሄደበት ጊዜ ሐዋርያው ራሱ የአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ለኢየሩሳሌም ድኆች ያዋጡትን ገንዘብ ከየአገሩ ከተመረጡ ወንድሞች ጋር ይዞ ይሄድ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ሳይጎድል የሚደርስ ምጽዋት ነው። በእኛ ሰንበቴና ማኅበር ገንዘብ የሚይዙ ሁሉ ይህን ልብ ይበሉት።

ለመንገዱ የሚሆን ምክር ደግሞ እንዲህ ነው። ሸክም አታብዙ። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ በርኖሱንና መጻሕፍቱን ትቶ እንደ ነበር እናነባለን፤ መቼ እንደ ተዋቸው ባይገለጥም መንገደኛ ጓዙን አሳንሶ መሄዱን ያሳያል። ማደሪያችሁን በአሳብ ምረጡ። ላይኛው መንደር ያደረ ሰው ማለዳ ከሕዝቡ በፊት ኮረብታው አናት ላይ ቆሞ ሚጢሊኒ ወዳለችበት ደሴት እያየ ሊጸልይ ይችላል፤ ሚኒባሱም ከዚያ ይቀርበዋል። ወደብ ያደረ ባሕሩን ያገኛል፤ ለመመለስ ግን ዳገቱ ይጠብቀዋል። በበጋ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ትንሽ ሚኒባስ አለ። ጫማ የማያንሸራትት ይሁን፤ የኮረብታው ድንጋይ ብዙ እግር ስለረገጠው ልሟል። ወደ ላይ በሚያስወጣው መተላለፊያ ግራና ቀኝ የመንደሩ ሴቶች ጦስኝ፣ የወይራ ዘይትና የእጅ ሥራ ይሸጣሉ። ሰላምታ ስጧቸው፤ ከቻላችሁ ግዙ። በመንደራቸው የምናልፍ እንግዶች እኛ ነን።

እየሄዳችሁም ጸልዩ። በእኛ አቆጣጠር ከ119 እስከ 133 ያሉት 15 የመዓርግ መዝሙራት ወደ ኢየሩሳሌም ለበዓል የሚወጡ መንገደኞች የዘመሯቸው ናቸው። አባቶቻችን ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ከፍለው ሲጸልዩ ብዙው ጊዜ በመንገድ ላይ ነበር፤ ጠዋት ከቤት ወጥተው ገበያ እስኪደርሱ የዕለቱን ይጨርሳሉ። በአውቶቡስ ወንበር ላይም ያው ነው። ከቻናካሌ እስከ አይቫጅክ ያለው መንገድ የዕለቱን ውዳሴ አድርሶ መዝሙረ ዳዊትን ለመድገም ይበቃል።

ሆኖም ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በእግር መሄድ ሕግ አይደለም። ሐዋርያው በእግሩ ሲሄድ ሌሎቹን አላስገደደም፤ በመርከብ የሄዱትንም አልነቀፈም። በታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ በመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም በእግራቸው የሚተሙ ምእመናን አሉ፤ ብዙዎቹ በስእለት ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ባዶ እግሩን የሄደ ሰው በአውቶቡስ የመጣውን ቢንቅ የእግሩን ዋጋ በአፉ አጣው። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ጉልበቱ የታመመ ሽማግሌ፣ ሕፃን ያዘለች እናት በመኪና ቢሄዱ ስእለት አላጎደሉም። ጌታችን ስለ ጾም ሲያስተምር ሰው እንዲያይላቸው ፊታቸውን ስለሚያጠወልጉ ሰዎች የተናገረው ለመንገደኛም ይሠራል።

በመጨረሻ በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ያለውን ሌላ መንገደኛ እንይ። ፊልጶስ ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ በእግሩ ነበር። የኢትዮጵያ ንግሥት ጃንደረባ፣ ሊቃውንቶቻችን ባኮስ የሚሉት፣ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። በዚያ ሰዓት መጓጓዣ ያለው የእኛ ሰው ነው፤ መጓጓዣ የሌለው ሐዋርያዊው ሰባኪ ነው። ባኮስ ምን አደረገ? ሠረገላውን አላስሮጠም፣ መንገደኛውን በጥርጣሬ አላሳለፈውም፤ ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። ወደ ጥምቀት ያደረሰው ትምህርት የተሰጠው በዚያ ባዶ ወንበር ላይ ነው። ፊልጶስም ከዚያ በኋላ በአዛጦን ተገኘ፤ ያችም ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት አሽዶድ ናት። እስከ ቂሣርያ ድረስ በባሕር ዳር ባሉት ከተሞች እየዞረ ሰበከ።

ስለዚህ መኪና ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ በዲሲም ሁኑ በፍራንክፈርት፣ በሪያድም ሁኑ በአዲስ አበባ፣ ለበዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ፣ ለዕረፍትም ወደ ባሕር ዳር ስትወጡ፣ ወንበራችሁን ቁጠሩ። ትርፍ ካለ ከመነሣታችሁ በፊት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ መኪና የሌላቸውን ጠይቁ፤ በፌርማታ የቆመችውን አሮጊት እናት አሳፍሩ፤ ለነዳጅ አታስከፍሏቸው። መኪና የሌላችሁም ስትጠሩ አትፈሩ፤ ግቡና ተቀመጡ። ለጊዜው በሚኒባስ ወደ አሶን የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ አይቫጅክ ላይ ስትወርዱ የመመለሻውን የመጨረሻ ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በጋው ሲያልፍ ሚኒባሱ ይሳሳልና።